የቮልስ እግር ሲላላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቮልስ ያለው ሰው ስለ ሞተሯ ሲያወራ ይውላል። ስለ እግሯ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር ስለሚያያይዘው ክፍል፣ የሚጠይቀው ግን መሪው መርገብገብ ሲጀምር ነው። ከዚህ በታች ያሉት የቮልስ ባለቤቶች ስለ እግር ሥራ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመልሶቹ ሁሉ የምመለስበት አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ የላላውን ዕቃ በእጅ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። የሞዴል ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የኔ ቮልስ ምን ዓይነት የፊት እግር እንዳላት እንዴት ልወቅ?

ይህን ሳታውቁ ምንም አትግዙ። እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን አላቸው። ኪንግ ፒን ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ቋሚ ፒን ነው፤ ሊንክ ፒን ደግሞ እሱን ከክንዱ፣ ማለትም ጎማውን ከሚሸከመው ብረት፣ ጋር የሚያያይዘው አግድም ፒን ነው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ያሉት በነዚህ ፈንታ ቦል ጆይንት የሚባል ክብ ራስ ያለው መገጣጠሚያ አላቸው። በሁለቱም ፊት ለፊት አንዱ ባንዱ ላይ የተጋደሙ ሁለት ቱቦዎች አሉ። በቱቦዎቹ ውስጥ የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያልፋሉ። ቶርሽን ባር የሚባሉት እነሱ ናቸው። መኪናዋን የሚሸከሙት በመጠምዘዝ ነው፤ ሌላ ሞላ የለም።

ሦስተኛው ዓይነት ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 1302፣ ቀጥሎም 1303 ነው። እነዚህ ቱቦዎቹ የሏቸውም። ማክፈርሰን የሚባለው ሞላና አሞርዛተር (የመኪናዋን መንጠር የሚያበርደው ዕቃ) አንድ ላይ የተሠራበት እግር ነው ያላቸው። የፊት ኮፈኑን ክፈቱና ተጠባባቂውን ጎማ እዩ። ቆሞ የተቀመጠ ከሆነ መደበኛዋ ናት። ተጋድሞ ከሆነ ማክፈርሰን ናት።

ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ከግጭት በኋላ የፊት እግሯ በሙሉ ከሌላ ቮልስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ። ጎማው በሚዞርበት መገጣጠሚያ ላይ የግራሶ መስጫ ጡቶች ካሉ ኪንግ ፒን ነው። በጎማ ሽፋን የታሸጉ ክብ መገጣጠሚያዎች ካሉ ቦል ጆይንት ነው።

መሪው ይርገበገባል፣ መኪናዋም መንገድ ላይ ትንገዋለላለች። አሞርዛተር ልቀይር?

አትቀይሩ፤ ቢያንስ በዚህ አትጀምሩ። አሞርዛተር መቀየር ቀላልና የሚታይ ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። መሪ የሚያርገበግበው ግን በአብዛኛው የላላ መገጣጠሚያ ነው።

ፊቷን በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ ብረት) ላይ አሳርፏት። ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። የኋላ ጎማዎቹንም በድንጋይ ደግፉ። የቮልስ የክሪክ ማስገቢያ በዝገት የተበላ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ወለሏ የተለጣጠፈ መኪና ከሆነች፣ ክሪኩን ከቱቦዎቹ ሥር ብታስገቡ ይሻላል።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ኳ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ወዝውዙ። ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ብዙ ጊዜም ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ወይ ፒኖቹ ወይ ቦል ጆይንቱ ናቸው። አንድ ሰው እየወዘወዘ ሌላው በባትሪ እያበራ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ይመልከት። ክንዱ ራሱ ከቱቦው አፍ ላይ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዛችሁ ወዝውዙ። እዚህ የሚሰማ መላላት ከታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ) ወይም ከመሪው ሳጥን ይመጣል። ታይሮዱን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ሌላ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሲያዞር፣ የላላው ጫፍ መዳፋችሁ ላይ ይታወቃችኋል።

ቦል ጆይንት ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቶርሽን ባሩ ሁልጊዜ ስለሚጫነው፣ ያለቀ ቦል ጆይንት በእጅ ሲወዘወዝ ደህና ሊመስል ይችላል። ረጅም ብረት አስገብታችሁ ክንዱን ገፋ አድርጉትና እዩ።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቅ ስትሄዱ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ።

መሪው ሥር ያለችውን ትንሿን አሞርዛተር ብቀይር መርገብገቡ አይቆምም?

ለጊዜው ሊቆም ይችላል። የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ያቺ ዕቃ የመንገድን ምት ለማለዘብ የተሠራች ናት። አዲሷ የላላውን ፒን ትሸፍነዋለች፤ ፒኑ ግን መበላቱን ይቀጥላል። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጣችሁ፣ ጎማዎቹንም ባላንስ አሠርታችሁ ከሆነ ቀይሯት።

ግራሶ በየስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ ቢቀድም ደስ ይለኝ ነበር። የቮልስ የፊት እግር የሚያልቀው ከዕድሜዋ ይልቅ በግራሶ እጦት ነው።

ኪንግ ፒን ላላት መኪና በየ2,500 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ላይ ብዙ ሊመስል ይችላል፤ መኪናዋ የተሠራችው ግን ለዚህ ነው። የፒኖቹ ጡቶች አሉ፤ ቱቦዎቹ ላይም አሉ። ቱቦዎቹ ላይ ያሉት በጭቃ ተሸፍነው ስለሚኖሩ ብዙ ሰርቪስ ቤት ይዘላቸዋል። ቦል ጆይንት ያላትም ብትሆን ቱቦዎቿ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ በየ5,000 ብትሰጧት አትጎዱም። ቦል ጆይንቶቹ ራሳቸው ግን የታሸጉ ናቸው። እነሱ ላይ የምታዩት የጎማ ሽፋኑ አለመቀደዱን ነው። ተቀዶ ከሆነ አፈርና ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ዕድሜው አጭር ነው።

ግራሶ ስትሰጡ ፊቷ ከመሬት የተነሳ ይሁን። ጎማዎቹ መሬት ላይ ካረፉ ፒኑ በአንድ ጎኑ ተጭኖ ስለሚቆይ፣ ግራሶው ወደሚያስፈልገው ጎን አይደርስም። ጡቱን በጨርቅ ጥረጉት፤ ያለበለዚያ አሸዋውን አብራችሁ ትከታላችሁ። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ድረስ ግፉ። ጡቱ ግራሶ አልቀበል ካለ አውጥታችሁ በነዳጅ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ጡት ርካሽ ነው። ደረቅ የቆየ ፒን ግን ቡሹን (ፒኑ የሚዞርበትን ቀለበት) ይዞ ይሄዳል።

በክረምት ኮረኮንችና ጭቃ ላይ የምትነዳ መኪና ከሆነች፣ ክረምቱ ሲወጣ ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም አንድ ጊዜ ስጧት።

ሊንክ ፒን ላልቷል ተባልኩ። መቀየር ግዴታ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ሊንክ ፒን ይጠብቃል፤ የተሠራውም እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ እየቀነሰ መምጣቱ ያሳዝነኛል። ግራሶ ከሰጣችሁ በኋላ ፒኑን የሚይዘውን ብሎን አላሉት። ፒኑን እስኪጠብቅ አዙሩት። ከዚያ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሱትና ብሎኑን አጥብቁ። መሪው ሳይከብድ መላላቱ ከጠፋ ጨርሳችኋል። ጠብቆም የሚላላ ከሆነ፣ ወይም ስታዞሩት አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ያኔ ተበልቷል።

ሲፈታ ፒኑ ላይ ያሉትን ሺም የሚባሉ ቀጫጭን ቀለበቶች አትቀላቅሉ። ከውስጥ በኩል ስንት፣ ከውጭ በኩል ስንት እንደነበሩ ለእያንዳንዱ ፒን ጻፉ፤ ፎቶም አንሱ። የጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማዘንበል የሚወሰነው በነሱ ነው። እግሩ ተጣሞ የማያውቅ ከሆነ እንደነበረ መመለስ ይበቃል።

ኪንግ ፒን ቤቴ ውስጥ መቀየር እችላለሁ?

መፍታቱን ትችላላችሁ። ፒኑንና ቡሹን ማውጣትና ማስገባት ግን የፕሬስ ሥራ ነው። አዲሱ ቡሽ ከገባ በኋላም ለፒኑ ልክ በሪመር (ቀዳዳ በልክ በሚያሰፋ መሣሪያ) መከፈት አለበት። ስለዚህ ዕቃውን ፈትታችሁ ጥሩ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ ፒኑንም አብራችሁ ስጡ። ቡሹን በአሸዋ ወረቀት እያሹ ማስገባት ሲሠራ አይቻለሁ። ክብነቱን ስለሚያጣ ዕድሜ የለውም።

ከቶርኖ ቤት ስትረከቡ ሁለት ነገር እዩ። የቡሹ ቀዳዳ ከግራሶ ጡቱ ጋር ገጥሟል ወይ? ካልገጠመ አንድ ጠብታ ግራሶ አይገባም። ሁለተኛ፣ ፒኑ በእጅ ይዞራል ወይ? መንቀሳቀስ የለበትም፤ መዞር ግን አለበት። አንድ ጎን ብቻ አትሥሩ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ሥሩ።

ቦል ጆይንትስ?

ቦል ጆይንቱ ክንዱ ውስጥ በፕሬስ የገባ ነው። ክንዱን ሳያወጡ በመዶሻ ለማስወጣት መሞከር የክንዱን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ አይጨብጥም። በየጊዜው እየወለቀ ያስቸገረን ቦል ጆይንት በብየዳ ማስያዝ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ብየዳው ክንዱን ያዳክመዋል፤ የውስጡን ፕላስቲክና ግራሶም ያቃጥለዋል። በፍጥነት ላይ እያላችሁ ቢለቅ ጎማው አብሮ ይሄዳል።

የላይኛውና የታችኛው መጠናቸው ይለያያል። ስትገዙ ለይታችሁ ግዙ። የላይኛው ላይ ያለችው መሃሏ የሸሸ ቀለበት የጎማውን ማዘንበል የምታስተካክል ናት። ስትመልሷት ምልክቷን ወደ ፊት አዙሯት፤ አላይመንት ቤቱ ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉንም ቀይሬ አሁንም ኳ ኳ ይላል። ምን ቀረ?

ቱቦው ውስጥ ያለው ነዋ። ክንዶቹ ቱቦው አፍ ላይ በኩሽኔታ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ በቡሽ ነው የሚዞሩት። ግራሶ ሲያጣ ሁለቱም ያልቃሉ። ይህ የሚረሳው ሲታይ ስለማይታወቅ፣ ሥራውም ክንዱን አውጥቶ ስለሚጠይቅ ነው።

ክንዱ ከወጣ በኋላ ኩሽኔታው የሚሄድበትን ቦታ በጥፍራችሁ ፈትሹ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ክንዱ ራሱ መቀየር አለበት። ደህና ክንድ ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ሙሉውን የፊት እግር በደህና አሮጌ መተካት አንዳንዴ ይረክሳል። ቱቦዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት አራት ትልልቅ ብሎኖች ናቸው። የመሪውን መገጣጠሚያ ለማግኘት ግን የቤንዚን ታንኩ መውጣት አለበት፤ የፍሬን ቱቦዎችና የኪሎ ሜትር ገመዱም ይፈታሉ። ስለዚህ ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ቢፈጅ አትገረሙ። ፍሬኑም እንደገና አየሩ ይውጣለት።

እግሩ ከወጣ አይቀር ያረፈበትን የሻንሲ ጭንቅላት በካቻቢቴ ኳ ኳ አድርጋችሁ ፈትሹት። ካቻቢቴው ከሰረገ ሻንሲው በዝገት አልቋል። በተበላ ሻንሲ ላይ አዲስ ዕቃ ከማሰር በፊት እሱ ይሠራ።

የፊት ግራ ኩሽኔታ ዳዶ አልፈታ አለኝ።

ወደ ሌላው ጎን አዙሩት። የቮልስ የፊት ግራ ጎማ ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። በረጅም ቧንቧ ታግሎ ጥርሱን የበላው ሰው ብዙ ነው። የኪሎ ሜትር ገመዱም የሚመጣው ከዚሁ ከግራ ጎማ ክዳን ስለሆነ፣ ክዳኑን ከመምታታችሁ በፊት ትንሿን መያዣ አውጡ።

አሞርዛተር ታዲያ መቼ ነው የሚቀየረው?

ዘይት ሲያፈስ። ወይም አንድ ጉብታ ካለፋችሁ በኋላ መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትነጥር። ፊቶቹን ጥንድ፣ ኋላዎቹን ጥንድ አድርጋችሁ ቀይሩ። በጣም ደረቅ የሆነውን የስፖርት ዓይነት ለኛ መንገድ አልመክርም፤ ምቱን ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል።

የኋላ እግሯ በአንድ ጎን ዘቅዝቋል።

መጀመሪያ የጎማ ነፋሱን ለኩ። ቀጥሎ አሞርዛተሩንና የቶርሽን ባሩ ጫፍ የሚቀመጥበትን ክብ ጎማ እዩ። ይህ ጎማ ደርቆና ተበልቶ ይገኛል። መቀየሩም ብዙ ጊዜ ኳኳታውን ያስወግዳል።

ነገር ግን ይህን ሥራ ያለ ልምድ አትጀምሩት። ከቶርሽን ባሩ ወደ ኋላ ተሽከርካሪው ጎማ የሚሄደው ጠፍጣፋ ብረት በቶርሽን ባሩ ኃይል ተወጥሮ ማረፊያው ላይ ነው ያለው። ከማረፊያው ሲለቅ በኃይል ይወረወራል። እጅም እግርም ይሰብራል። ክሪክ ከሥሩ ተደግፎ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚለቀቀው። ከመነካቱ በፊት ያለበት ቦታ ሻንሲው ላይ በምስማር ይጫር።

ቶርሽን ባሩ ከወጣ ደግሞ ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ ይመለስ። ከፋብሪካ ሲወጡ ወደየጎናቸው ተወጥረው ነው፤ ቢቀያየሩ ይሰበራሉ። የውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጭው 44 ጥርስ አለው። በውስጥ አንድ ጥርስ ወደፊት፣ በውጭ አንድ ጥርስ ወደኋላ ስታዞሩት ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። የመኪናዋን ከፍታ በጥቂቱ ማስተካከል የሚቻለው በዚህ ነው። እጅግ የሚያምር አሠራር ነው። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው ግን መኪናዋን ወይ ጎበጥ ወይ ቁጢጥ አድርጎ ይመልሳታል።

ከክሪክ ስትወርድ የኋላ ጎማዎቿ ከሥር ተሰብስበው ብታዩ አትደንግጡ። ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ገፍታችሁ ነው ከፍታዋን የምትፈርዱት።

ጎሚስታው አራቱንም ጎማ እኩል ይነፋል። ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ፊቷ ቀላል ናት። ለተራ ጎማ ፊት 16፣ ኋላ 24 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ለራዲያል ፊት 18፣ ኋላ 27 አካባቢ። አራቱንም 30 የተነፋች ቮልስ ፊቷ ይዘላል፣ መሪዋ ይንሳፈፋል። ባለቤቱም እግሯ አልቋል ብሎ ጋራዥ ይወስዳታል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለጎሚስታውም አሳዩት።

መለዋወጫ ከየት ላግኝ? አሮጌ ብገዛስ?

መርካቶ ሶማሌ ተራ መዞር ያዋጣል፤ ግን ምን እንደምትገዙ ለዩ። ክንድ፣ ቱቦ፣ የጎማ ዘንግ አሮጌ ቢሆን በዓይንና በጥፍር ተፈትሾ ይገዛል። ቦል ጆይንት፣ ኪንግ ፒን፣ ታይሮድ ግን አሮጌ አይገዛም። ሌላው ሰው የጣለው ለምክንያት ነው።

ውጭ ሀገር ዘመድ ካለ እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። አሜሪካና ጀርመን የቮልስ ዕቃ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ዘመዳችሁን «የቮልስ ቦል ጆይንት አምጣልኝ» ብላችሁ አታስቸግሩ። የሻንሲ ቁጥሯን ላኩለት፤ ከኋላ ወንበር ሥር መሃለኛው ጉብታ ላይ ተመቶ ታገኙታላችሁ። የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አብራችሁ ላኩ። የፊት እግሯ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ፎቶው ይታመን።

የኔ 1303 ናት። ይህ ሁሉ ለኔም ይሠራል?

የእጅ ፍተሻው ይሠራል፤ ዕቃዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ከታች ያለው ክንድና የፊት ዘንጉ ቡሾች ላይ አተኩሩ። በዚህች መኪና ላይ ያ ዘንግ ክንዱን ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ራሱ ነው። የዘንጉ ቡሾች ሲያልቁ መሪው በኃይል ይርገበገባል።

ዝቅ ላደርጋት አስቤአለሁ።

ለፎቶ ታምራለች። ለአዲስ አበባ የፍጥነት መቀነሻና ኮብልስቶን ግን አልተሠራችም። የቦል ጆይንቷ መታጠፊያ ልክ ስለሚያልፍ ቶሎ ይበላል።

መኪናዋ 50 ዓመት አልፏታል። ይህን ወጪ ማውጣት ያዋጣል?

ሻንሲዋ ደህና ከሆነ አዎ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ዕቃዋ ዛሬም ይሠራል። ከኛ ታሪክም ጋር ተሳስራለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። አንዲት ቮልስ ለብረት ከመሸጧ በፊት አንድ ሰው እግሯን በደንብ ቢያይላት ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ።

ወጪው ከከበደ በየተራ ሥሩ። ታይሮድ፣ ፒንና ቦል ጆይንት ይቅደሙ፤ እነሱ የነፍስ ጉዳይ ናቸው፤ ለቦሎ ምርመራም ያስፈልጓችኋል። የቱቦው ውስጥ ይከተል። አሞርዛተርና ቀለም ይጠብቁ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ላድርግ?

አላይመንት ወዲያውኑ። ታይሮድ የተነካ መኪና ያለ አላይመንት አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል። ታይሮዱን ስትፈቱ ስንት ዙር እንደወጣ ከቆጠራችሁ፣ በዚያው ልክ መልሳችሁ እስከ አላይመንት ቤቱ ቀስ ብላችሁ መድረስ ትችላላችሁ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ ዳስሱ። ሊንክ ፒን ያላት ከሆነች አዲሱ ፒን ቦታውን ስለሚይዝ ያኔ አንድ ጊዜ ይጠበቅ፤ ግራሶም ይሰጣት። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩ ግራሶ ከዚያ ይቆጠራል።